ይቅር የተባለ ሰው ይቀሰሳል?

በ1940 አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የ25 ዓመት ወጣት ወደ ፍራንቸስካውያን ማኅበር የሚገባበትን ቀን ይጠባበቅ ነበር። ቶማስ መርተን ይባላል። ካቶሊክ ሆኖ ከተጠመቀ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ማመልከቻው ግን ተቀባይነት አግኝቷል። ቀኑ ሲቃረብ ኅሊናው ይቆረቁረው ጀመር። እንግሊዝ አገር የካምብሪጅ ተማሪ ሳለ በመጠጥና በሴት ያባከነው ጊዜ ነበር፤ ሕይወቱን ያጠኑ ጸሐፊዎች ከጋብቻ ውጭ ልጅ መውለዱንም ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ለተቀበሉት ካህን ገልጦ አላስረዳቸውም ነበር። ተመልሶ ሄደና ተናገረ። ካህኑ ነገሩን ካሰቡበት በኋላ ማመልከቻውን ቢያነሣ እንደሚሻል ነገሩት።

መርተን የክህነት ደጅ ለዘላለም የተዘጋበት መስሎት አለቀሰ። በዲሴምበር 1941 ግን ኬንታኪ ውስጥ ያለው የጌቴሴማኒ ገዳም ተቀበለው፤ በሜይ 1949 እዚያው ተቀሰሰ። በ1948 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ በሃያኛው መቶ ዓመት ብዙ ከተነበቡ የካቶሊክ መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ሰውየው ያው ነው፤ ያለፈ ሕይወቱም ያው ነው። አንዱ ቤት አይሆንም አለው፣ ሌላው ግባ አለው።

ያለፈ ስሕተት ካቶሊክ ካህን ከመሆን ያግዳል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የማይገኝለት ለዚህ ነው። ጥያቄው ዛሬም ከየቁምስናው አልጠፋም። አንዱ ወጣት በመጠጥ ያሳለፋቸው ዓመታት ያስጨንቁታል፤ ሌላው ልጅ ወልዷል፤ ሌላው ታስሮ ተፈቷል፤ አንዱ ደግሞ ለማንም ያልተናገረው ከዚህ ሁሉ የከበደ ነገር አለው። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ወጥ መልስ መስጠት ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ያላደረገችው ነገር ነው። ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀ ክርክር፣ ፍርድና ልምድ ግን አላት፤ እሱን ማየት ይጠቅማል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአማርኛ አንባቢ ወደዚህ ጉዳይ ሲመጣ ከኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት የወረሰው ግምት ይኖራል። በዚያ ሥርዓት ቅስና የሚቀበል ዲያቆን ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ በድንግልና ኖሮ በተክሊል አንዲት ሚስት ያገባል፤ ከዚያ የወጣ ሰው ክህነቱ ፈረሰ ይባላል። የካቶሊክ ሕግ በዚህ በኩል የተለየ ነው። ከክህነት በፊት ድንግልናን ማጣት በሕጉ ውስጥ እንቅፋት ተብሎ አልተጻፈም። ሕጉ የሚጠይቀው ከዛሬ ጀምሮ በንጽሕና መኖር መቻሉን፣ ይህም በዓመታት ተፈትኖ መታየቱን ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሐዋርያት ነው። ጴጥሮስ በአንዲት ሌሊት ሦስት ጊዜ ካደ። ጳውሎስ እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያን አዕማድ ከሆኑ ያለፈ ኃጢአት የሚያግደው ማንን ነው? ይሁን እንጂ ያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ በላካቸው መልእክቶች ለሹመት የሚታጨው ሰው ነቀፋ የሌለበት፣ አዲስ አማኝ ያልሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ባሉ ሰዎች ዘንድ እንኳ በመልካም የሚነሣ እንዲሆን አዝዟል። አሳዳጁ ይቅርታ አግኝቶ ሐዋርያ ሆነ፤ ሐዋርያው ግን ለተከታዮቹ መመዘኛውን ከፍ አደረገ። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ቆመው ዛሬም ድረስ አብረው ይኖራሉ።

በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት፣ ሠለስቱ ምእት የምንላቸው፣ አርዮስን ከማውገዝ ሌላ ይህን ጉዳይም መርምረዋል። በገዛ እጁ ራሱን የሰለበ አይሾም፤ ትናንት የተጠመቀ ዛሬ አይሾም፤ በስደት ዘመን ሃይማኖቱን የካደ አይሾም አሉ። ሹመቱ የተሰጠው በስሕተት ወይም ካጂነቱ ተደብቆ ከሆነ፣ ነገሩ በታወቀ ጊዜ ይሻራል። የመደበቅ ነገር በዚያን ጊዜም ራሱን የቻለ ጉዳይ እንደነበረ ልብ ይሏል።

በሰሜን አፍሪካ ደግሞ ክርክሩ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፈለ። ንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ከ303 ጀምሮ ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለወታደሮች አሳልፈው የሰጡ ካህናት ነበሩ። ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች እንዲህ ያለ ሰው የፈጸመው ምስጢር ከንቱ ነው አሉ። በ314 የአርል ጉባኤ ነገሩን በሁለት ከፍሎ አየው። መጻሕፍቱን አሳልፎ መስጠቱ የተረጋገጠበት ካህን ይውረድ፤ እሱ የሾማቸው ሰዎች ሹመት ግን ይጽና። ምስጢሩ የክርስቶስ ነውና በአገልጋዩ ኃጢአት አይፈርስም የሚለውን ትምህርት ኋላ አስፋፍቶ የጻፈው አውጎስጢኖስ ነው።

አውጎስጢኖስም ስለ ያለፈ ሕይወት የመናገር መብት ነበረው። ካላገባት ሴት ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ ወንድ ልጅ ወልዷል፤ የማኒን ሃይማኖት ለዓመታት ተከትሏል። በ387 ፋሲካ ሚላኖ ላይ ተጠመቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ391 ሂጶ ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ይዞ ለጳጳሱ አቀረበውና ተቀሰሰ። ያጠመቀው አምብሮስዮስ ራሱ የኒቅያን ሕግ ቃል በቃል ቢይዙት ሊሾም የማይገባው ሰው ነበር። በ374 የሚላኖ ሕዝብ ጳጳሳችን ይሁን ሲል ገና ያልተጠመቀ የመንግሥት ሹም ነበር፤ በተጠመቀ በስምንተኛው ቀን ተሾመ።

ለአማርኛ አንባቢ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አባ ሙሴ ጸሊም ነው። በግብፅ በረሃ የሽፍቶች አለቃ፣ ዘራፊና ነፍሰ ገዳይ ነበር ይላል ታሪኩ። ወደ አስቄጥስ ገዳም ሸሽቶ ገባ፤ መነኰሰ፤ በመጨረሻም ቅስና ተቀበለ። አባቶች ትዕግሥቱን ለመፈተን በጥቁረቱ እየሰደቡ ከመቅደስ አባረሩት፤ ሳይመልስላቸው ወጣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ታስበዋለች። በሮማውያን የሰማዕታት መዝገብ የሚታሰበው ኦገስት 28 ነው፤ ያ ቀን የአውጎስጢኖስም በዓል ነው። ሽፍታውና የልጅ አባቱ፣ ሁለቱም ካህናት ሆነው፣ በአንድ ቀን ይነሣሉ።

እንግዲህ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ከተቀሰሰ ጥያቄው አለቀ ማለት ነው? አላለቀም።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1983 ያወጁት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ለክህነት እንቅፋት የሚሆኑትን ነገሮች በቍጥር ለይቶ አስቀምጧል። የመጀመሪያዎቹ ዘላቂ እንቅፋቶች ናቸው፤ በጊዜ ብዛት በራሳቸው አይነሡም፣ የሚነሡት በልዩ ፈቃድ ብቻ ነው። ለአገልግሎቱ የማያበቃ የአእምሮ ሕመም አንዱ ነው፤ ይህ ኃጢአት አይደለም፣ የሚወሰነውም በባለሙያ ነው። ሃይማኖትን መካድ፣ ኑፋቄና ከቤተ ክርስቲያን መለየት ሌላው ነው። ጋብቻ ወይም የክህነት ወይም የምንኵስና ቃል ኪዳን እያለ ሌላ ጋብቻ ለመፈጸም መሞከር አለ። ሆን ብሎ ሰው መግደል አለ፤ ፅንስ ማስወረድና በዚያ ድርጊት መተባበርም እዚሁ ይመደባል። ራስን ወይም ሌላን ሰው በክፋት አካለ ጎደሎ ማድረግ፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር፣ ክህነት ሳይኖር የካህንን ሥራ መሥራትም ተጠቅሰዋል።

ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ውስጡ ግን አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ። በንስሐ የሚሰጠው ይቅርታ እና እንቅፋቱን የሚያነሣው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ተናዝዞ ኃጢአቱ ሙሉ በሙሉ ይሰረይለታል፤ በእግዚአብሔር ፊት ንጹሕ ነው፤ እንቅፋቱ ግን እንደ ቆመ ነው።

ይህ የሚገለጠው ከሁሉ ይበልጥ በፅንስ ማስወረድ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ በኖቬምበር 2016 ማንኛውም ካህን ይህን ኃጢአት ይቅር ማለት እንዲችል በቋሚነት ፈቀዱ። አንድ ወጣት የሴት ጓደኛው እንድታስወርድ ገንዘብ ሰጥቶ ወይም ሐኪም ቤት ወስዶ ከሆነ፣ ዛሬ በአቅራቢያው ባለ ቁምስና ተናዝዞ ይቅርታ ያገኛል። ያው ሰው ነገ ካህን ልሁን ቢል ግን ጳጳሱ እንኳ ሊፈቅዱለት አይችሉም፤ ጉዳዩ በምስጢር የተያዘም ቢሆን ለሮም የተጠበቀ ነው። ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግድያም እንዲሁ። ሕጉ በዚህ ላይ አለማወቅን ሰበብ አድርጎ አይቀበልም፤ ሰውየው እንቅፋት መሆኑን ባያውቅም እንቅፋት ነው። ሌላው ኃጢአት ቢደጋገም እንቅፋቱ አንድ ሆኖ ሲቈጠር፣ ግድያና ፅንስ ማስወረድ ግን በተፈጸሙ ቍጥር ይቈጠራሉ።

ከመጠመቄ በፊት ስለሆነ አይመለከተኝም የሚልም ይኖራል። በ2016 የሕግ ጽሑፎችን የሚተረጕመው የቫቲካን ምክር ቤት ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። ግድያን፣ ፅንስ ማስወረድን፣ አካል ማጉደልንና ራስን ለማጥፋት መሞከርን በተመለከተ፣ ድርጊቱን በፈጸመ ጊዜ ካቶሊክ ያልነበረ ሰውም እንቅፋቱ ይይዘዋል ተባለ። አባ ሙሴ ዛሬ ቢመጣ፣ ሮም ሳትፈቅድ የሚቀስሰው ጳጳስ አይገኝም ማለት ነው።

ጦር ሜዳ የዋለ ወታደር፣ ራሱን ሲከላከል ሰው የገደለ፣ በመኪና አደጋ የሰው ሕይወት በእጁ ያለፈ ሰው በዚህ አይያዝም። ሕጉ የሚናገረው ሆን ተብሎ፣ በበደል ስለሚፈጸም ግድያ ነው። ብዙ ወንዶች በጦርነት ውስጥ ባለፉባት ኢትዮጵያ ይህን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ራስን ለማጥፋት ስለ መሞከር ግን አንድ ነገር ማለት ይገባል። እንዲህ ያለ ሙከራ ብዙ ጊዜ ከከባድ የመንፈስ ጭንቀት የሚመነጭ ነውና፣ ድርጊቱን ከወንጀል ጎን ማየት ለተጎዳ ሰው ሌላ ቁስል ይሆናል። ጳጳሱ ራሳቸው ፈቃድ ሊሰጡበት የሚችሉት ጉዳይ መሆኑ በጎ ነው፤ ፈቃዱ ከሐኪም ምክር ጋር፣ ያለ ነቀፋ ቃል ሊሰጥ ይገባል።

ዝርዝሩ ዛሬ አጭር ቢሆንም ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ1917 የወጣው ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ሰው፣ ሁለት ጊዜ በሕግ ያገባን፣ የሞት ፍርድ የፈረደን ዳኛና ፍርዱን ያስፈጸመን ገዳይ ያግድ ነበር። ሰው በገዛ ልደቱ ይጠየቅ ነበር ማለት ነው፤ ይህ በ1983 መቅረቱ ተገቢ ነበር። የአካል ጉዳትም እንቅፋት ነበር። በ1642 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በምርኮ ጣቶቹን ያጣው ኢየሱሳዊው ቅዱስ ይስሐቅ ዞግ፣ አካሉ የጎደለው ስለ ሃይማኖቱ ሆኖ ሳለ፣ በጎደሉ ጣቶቹ ለመቀደስ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 8ኛ ልዩ ፈቃድ አስፈልጎታል። ካሚሎ ደ ለሊስም በቁማር ልብሱን ሳይቀር ያስበላ ወታደር ነበር። ንስሐ ገብቶ ወደ ካፑቺኖች የመነኮሳት ማኅበር ቢሄድ ሳይዘልቅ መለሱት፤ የመለሱት ግን በቁማሩ ሳይሆን በማይድነው የእግሩ ቁስል ምክንያት ነው። በ1584 ተቀሰሰ፤ ዛሬ የሕሙማን ጠባቂ ተብሎ ይከበራል።

ስለዚህ ወጣቶች አብዝተው የሚጨነቁባቸው ነገሮች፣ ዝሙት፣ ስካር፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስርቆት፣ እስራት፣ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው የለም። ይህ ማለት ግን አይጠየቁም ማለት አይደለም። ሕጉ በሌላ ቦታ እጩው ትክክለኛ ሐሳብ፣ መልካም ስምና የተፈተነ ምግባር እንዲኖረው ይጠይቃል፤ ይህን የሚመዝኑት የጥሪ ኃላፊው፣ የዘርዐ ክህነቱ (የካህናት ማሠልጠኛው) አለቃና ጳጳሱ ናቸው። በብዙ አገሮች የወንጀል መዝገብ ይጣራል፣ የሥነ ልቦና ምርመራ ይደረጋል፣ ከቁምስና ካህን ደብዳቤ ይመጣል። በ2016 የወጣው የካህናት አስተዳደግ መመሪያም ከፍልስፍና ትምህርት በፊት አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሚወስድ የዝግጅት ጊዜ እንዲኖር አዝዟል። መጠጥ የተወ ሰው መተዉ በዓመታት ይታያል፤ አዲስ የተጠመቀም እንዲሁ ይቆያል።

ጊዜ ያለው ኃይል በሻርል ደ ፉኮ ሕይወት ይታያል። በ1858 የተወለደው ይህ ፈረንሳዊ መኮንን በወጣትነቱ እምነቱን ጣለ፤ ውርሱን በድግስ ስለ በተነ ቤተሰቡ በፍርድ ቤት ተቆጣጣሪ አስሾመበት። በ1881 አልጄሪያ ሳለ አብራው የነበረችውን ሴት አልለይም በማለቱ ከሠራዊቱ ተገለለ። በ1886 ፓሪስ ውስጥ ወደ እምነቱ ተመለሰ። የተቀሰሰው ግን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1901 ነው፤ በመካከሉ በትራፒስት ገዳም፣ ቀጥሎም በናዝሬት የደናግል ገዳም በአገልጋይነት ኖሯል። በ1916 በሰሐራ በረሃ ተገደለ፤ በሜይ 2022 ቅዱስ ተብሎ ታወጀ።

በዘመናችን ደግሞ አሜሪካዊው አባ ዶናልድ ካሎዌይ አሉ። በልጅነታቸው አደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚ ነበሩ፤ ጃፓን ውስጥ ከወንጀለኞች ጋር ውለው ከአገሪቱ ተባርረዋል፤ አሜሪካም ታስረዋል። በ2003 የማርያማውያን ማኅበር ካህን ሆኑ። ታሪካቸውን ራሳቸው በመጽሐፍ ጽፈው ለሕዝብ ሰጥተዋል።

እስራት ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል በደርግ ዘመን፣ ወጣት ካህን ሳሉ፣ ለወራት ታስረዋል። ሰው የታሰረበትን ምክንያት ሳይጠይቅ መዝገቡን ብቻ የሚያይ መርማሪ ብዙ ይሳሳታል።

ጋብቻና ልጅ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ሥርዓት አለ። የአዲስ አበባ፣ የዓዲግራት፣ የእምድብርና የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከቶች የግዕዝ ሥርዓት ተከታዮች ናቸው፤ የሚመሩትም በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው። እንደ ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ መቂና ነቀምት ያሉት ደግሞ የላቲን ሥርዓት ናቸው። በምሥራቁ ሕግ ያገባ ሰው ሊቀሰስ ይችላል፤ ከተቀሰሰ በኋላ ማግባት ግን አይችልም። በላቲኑ ሕግ ሚስት ያለችው ሰው፣ ለቋሚ ዲቁና ካልሆነ በቀር፣ ጋብቻው እንቅፋት ነው። ሚስቱ የሞተችበት ይችላል። በፍርድ ቤት የተፋታ ግን በቤተ ክርስቲያን ዓይን ገና ያገባ ነው፤ ጋብቻው ከመጀመሪያው ያልጸና እንደነበር የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ካልወሰነ በቀር ደጁ አይከፈትለትም። ልጅ ያለው ሰው በልጁ ምክንያት በሕግ አይታገድም። ልጁ ግን አባት ያስፈልገዋል፤ ቀለብና አስተዳደግ ግዴታ ናቸው። አንድ ሰው ይህን ግዴታ ትቶ ወደ ዘርዐ ክህነት ቢሮጥ ያ ጥሪ ሳይሆን ሽሽት ነው። ኃላፊዎች ልጁ አድጎ ራሱን እስኪችል ጠብቅ የሚሉት በትክክል ነው።

ከሌላ ቤተ ክርስቲያን መምጣትስ? ሕጉ የሚያግደው ካቶሊክ ሆኖ ሳለ እያወቀ የካደን ሰው ነው፤ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ተወልዶ ያደገ በዚህ አይከሰስም። ጎጃም ተወልደው የኦርቶዶክስ መነኩሴ የነበሩት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ቀሰሷቸው፤ በ1855 በሰንሰለት ታስረው ሞቱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1926 ብፁዕ ብላ አውጃቸዋለች።

የግብረ ሰዶም ዝንባሌን በተመለከተ በ2005 ከቫቲካን የወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ ዝንባሌ ያላቸውና ድርጊቱን የሚፈጽሙ ወደ ዘርዐ ክህነት እንዳይገቡ ይከለክላል፤ በወጣትነት ታይቶ ያለፈ ነገር ከሆነ ግን ከዲቁና በፊት ቢያንስ ሦስት ዓመት ተሸንፎ መቆየት አለበት ይላል። በአፈጻጸሙ ላይ ክርክሩ ዛሬም አልቆመም።

አንድ ደጅ ግን ፈጽሞ ተዘግቷል፤ ሊዘጋም ይገባል። በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል። በ2004 ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ የታተመው የጆን ጄይ ኮሌጅ ጥናት ከ1950 እስከ 2002 ባሉት ዓመታት 4,392 ካህናትና ዲያቆናት በሕፃናት ላይ ወሲባዊ በደል በመፈጸም እንደ ተከሰሱ ቈጥሯል። ከእነዚህ ውስጥ ተጸጽተናል እያሉ፣ ታክመዋል እየተባሉ ከቁምስና ወደ ቁምስና የተዛወሩ ነበሩ። ይቅርታ ማለት መልሶ መሾም ነው የሚለው የተሳሳተ አስተሳሰብ የሕፃናትን ሕይወት አበላሸ። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በኤፕሪል 2002 ለአሜሪካ ካርዲናሎች ወጣቶችን ለሚጎዳ ሰው በክህነት ውስጥ ቦታ እንደሌለ ነገሯቸው። የ2016ቱ መመሪያ እጩዎች በዚህ ረገድ በምንም ዓይነት ወንጀል ወይም አጠራጣሪ ሁኔታ ውስጥ ያልነበሩ መሆናቸው እንዲጣራ ያዛል። ይህ የምሕረት ማነስ አይደለም። ምሕረቱ ለበዳዩ በንስሐ ይሰጣል፤ መንጋው ግን መፈተኛ አይሆንም።

ስለ ግድያም ቢሆን ይህን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያሳየው አሌሳንድሮ ሴሬኔሊ ነው። በጁላይ 1902 ጣሊያን ውስጥ የ11 ዓመቷን ማሪያ ጎሬቲን ሊደፍር ሞክሮ እምቢ ስትለው በስለት ወጋት፤ በማግስቱ ሞተች። እሷ ከመሞቷ በፊት ይቅር አለችው። ሠላሳ ዓመት ተፈርዶበት ሃያ ሰባቱን ታሰረ። ሲፈታ ወደ እናቷ ወደ አሱንታ ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ እሳቸውም ይቅር አሉት፤ በአንድ ቅዳሴም አብረው ቆረቡ። ማሪያ በ1950 ቅድስት ተባለች። ሴሬኔሊ ቀሪ ዕድሜውን በካፑቺኖች ቤት ሠራተኛ፣ አትክልተኛና በረኛ ሆኖ አሳልፎ በ1970 ሞተ። ካህን አልሆነም። ይቅርታው ጎደሎ ነበር የሚል ግን ማንም የለም፤ የገደላት ልጅ እናት ይቅር ብለው አብረውት የቆረቡለት ሰው ይቅርታ እንዴት ጎደሎ ይሆናል? ክህነት ለተጸጸተ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ለሌሎች የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ማንም በመብት አይጠይቀውም።

የመጨረሻው ጉዳይ መደበቅ ነው። በዲሴምበር 2006 የዋርሶ ሊቀ ጳጳሳት ሆነው የተሾሙት ስታኒስዋፍ ቪየልጉስ በኮሚኒስት ዘመን ከምስጢር ፖሊስ ጋር ግንኙነት እንደነበራቸው በጋዜጣ ወጣ። መጀመሪያ አስተባበሉ፤ ሰነዱ ሲገኝ አመኑ። በጃንዋሪ 7 ቀን 2007 ሕዝቡና የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለበዓለ ሢመታቸው በካቴድራሉ በተሰበሰቡበት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያ ዘመን በፖሊስ ተገድዶ የፈረመ ካህን እሳቸው ብቻ አልነበሩም። ሕዝቡን ይበልጥ ያሳዘነው ማስተባበላቸው ነው።

ሕጉ ለእጩው ሁለት ዓይነት ጆሮ አዘጋጅቶለታል። ንስሐ አባቱና መንፈሳዊ መሪው የሰሙት ምስጢር ነው፤ ይቀሰስ አይቀሰስ ሲባል የእነሱ አስተያየት ፈጽሞ እንዳይጠየቅ ሕጉ ይከለክላል። ስለዚህ በኑዛዜ የተነገረ ነገር ሁለተኛው ጆሮ ለሆነው ለአለቃው አይደርስም፤ መድረስ ካለበት ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያደርሰው። ከሌላ ዘርዐ ክህነት የተሰናበተም ቢሆን የቀድሞው ቤት የስንብቱን ምክንያት ሳይገልጽ አይገባም። የኋላ ኋላ የሚጋለጥ ነገር በመጀመሪያው ቀን ቢነገር ብዙ ጊዜ መፍትሔ አለው፤ በቅስናው ዋዜማ ሲገኝ ግን የሰውየውን ዓመታትና የሕዝቡን እምነት ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ስለ እንቅፋቶቹ የሚያስተምር የቁምስና ካህን ብዙ የለም። አንዱ ወጣት በማያግደው ነገር ተሸማቅቆ ጥሪውን ይቀብራል፤ ሌላው የሚያግድ ነገር እንዳለበት ሳያውቅ ሰባትና ስምንት ዓመት ይማራል። አለማወቅ ሰበብ አይሆንም የሚል ሕግ ያላት ቤተ ክርስቲያን ሕጉን የማሳወቅ ግዴታ አለባት። የጥሪ ኃላፊዎች ይህን አጭር ዝርዝር በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ለእያንዳንዱ አመልካች በመጀመሪያው ውይይት ይስጡ። ክህነት የሚያስብ ወጣትም የሚከብደውን ነገር ማመልከቻው ከመፈረሙ በፊት ይናገር፤ ከሮም ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው በጳጳሱ በኩል የሚላከው ከክህነቱ በፊት ነው።